ዋስትናው ለባንኩ፣ ስጋቱ ለወታደሩ፦ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ቤታቸውን እንዳያጡ የመታደግ ጥያቄ ሲዳሰስ

በአሜሪካ ለዘመተ ሰው ቤት መግዣ ማመቻቸት ከ80 ዓመት በላይ የዘለቀ፣ ሁለቱም ፓርቲዎች ብዙም የማይጣሉበት ፖሊሲ ነው። የገዛውን ቤት ሥራ ሲያጣ፣ ሲታመም ወይም ትዳሩ ሲፈርስ እንዳይነጠቅ መርዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሕጉ ሌላ ነው፣ ገንዘቡ የሚወጣበት ኪስም ሌላ ነው፤ በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል ያለው ስምምነትም እዚህ ላይ ሲደርስ ይላላል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢም ሩቅ አይደለም። የአሜሪካ ጦር በ2009 ጀምሮ በ2016 ባቆመው ልዩ ምልመላ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስደተኞች ሳይቀር ለቋንቋቸው ሲል ሲቀበል አማርኛ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በዚህም ሆነ በተለመደው መንገድ መለዮ ለብሰው ያገለገሉ የሐበሻ ልጆች ዛሬ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በቴክሳስ ባለሞርጌጅ ናቸው።

ከአናኮስቲያ ድንኳኖች እስከ 1944ቱ ሕግ

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች በ1924 በወጣ ሕግ የአገልግሎት ጉርሻ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። የሚከፈለው ግን በ1945 ነበር። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጥቶ ሥራና መጠለያ ሲያሳጣቸው፣ በ1932 ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ የቀድሞ ወታደሮች፣ ብዙዎቹም ከነቤተሰቦቻቸው፣ ወደ ዋሽንግተን መጥተው በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ሐምሌ 28 ቀን ጄኔራል ዳግላስ ማካርተር በታንክና በአስለቃሽ ጭስ በተናቸው፤ ድንኳኖቻቸውም ተቃጠሉ። ያገለገለ ሰው መጠለያ አጥቶ በዋና ከተማዋ መሀል በራሱ ጦር መባረሩ ለቀጣዩ ትውልድ ፖለቲከኞች ከባድ ትምህርት ነበር።

ከ16 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው የዘመተበት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ሰኔ 22 ቀን 1944 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት «ጂ አይ ቢል» በሚባለው ሕግ ላይ ፈረሙ። የትምህርት ክፍሉ የበለጠ ይወራለታል እንጂ የቤት ክፍሉም የዚያን ያህል የአገሪቱን መልክ ለውጧል። መንግሥት ለወታደሩ ገንዘብ አልሰጠም። ከባንክ የሚበደረውን ግማሽ፣ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ፣ እኔ አለሁ ብሎ ዋስ ሆነ፤ በዓመቱ ጣሪያው ወደ 4,000 ዶላር ከፍ አለ። እስከ 1952 ባሉት ዓመታት 2.4 ሚሊዮን ገደማ ብድሮች በዚህ መንገድ ተሰጡ። እስከ ዛሬ ድምሩ ከ28 ሚሊዮን አልፏል።

ዋስትናው የማን ነው?

ብዙ ውዥንብር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። «የመንግሥት ዋስትና ያለው ብድር» ሲባል ተበዳሪው እኔን የሚመለከት ዋስትና ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዋስትናው ግን የአበዳሪው ነው። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ቪኤ የሚባለው፣ ዛሬ በአብዛኛው የብድሩን 25 በመቶ ዋስ ይሆናል። 400 ሺህ ዶላር የተበደረ ሰው መክፈል አቅቶት ቤቱ በሐራጅ ተሸጦ 70 ሺህ ዶላር ቢጎድል፣ ጉድለቱ ከ100 ሺህ ስለማይበልጥ ቪኤ ለአበዳሪው ይሸፍናል። ቤቱ ግን ሄዷል። ከ1990 ወዲህ ለተሰጡ ብድሮች፣ ማጭበርበር ከሌለበት በስተቀር፣ መሥሪያ ቤቱ ያን ገንዘብ ከወታደሩ አይጠይቅም። ነገር ግን የተጠቀመበት የዋስትና መብት፣ ኪሳራው እስኪተካ ድረስ፣ እንደተያዘ ይቆያል።

ያለ ቅድመ ክፍያ መግዛት መቻሉም ሁለት ፊት አለው። ቁጠባ ለሌለው ወጣት ወታደር በር ከፍቷል። በሌላ በኩል የቤት ዋጋ ሲወርድ ቤቱን ሸጦ ዕዳውን መዝጋት የማይችለውም ይኸው ያለ ቅድመ ክፍያ የገባው ሰው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቅድመ ክፍያ ሲገዛ የሚጠየቀው 2.15 በመቶ ክፍያም ብዙ ጊዜ ብድሩ ላይ ይደመራል። የአካል ጉዳት ካሳ የሚያገኙ ከዚህ ክፍያ ነጻ ናቸው።

እንዲህ ተጋልጠውም የቪኤ ተበዳሪዎች የመክፈል ታሪካቸው ከሌላው የመንግሥት የቤት ብድር ፕሮግራም፣ ከኤፍ ኤች ኤ፣ ተበዳሪዎች የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የኧርባን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2014 ይህን መርምረው ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ትኩረት ይስባል። ቪኤ ተበዳሪውን ሲመዝን ዕዳው ከገቢው ምን ያህል ነው ብሎ ብቻ አያበቃም፤ ሁሉም ከተከፈለ በኋላ ለአስቤዛና ለኑሮ በእጁ የሚቀረውን ይቆጥራል። በምዕራባዊ ግዛቶች ለአራት ሰው ቤተሰብ ይህ መነሻ በወር 1,117 ዶላር ነው። ሁለተኛው ምክንያት አበዳሪው ራሱ ከኪሳራው የሚደርሰው ድርሻ መኖሩ ነው። ሦስተኛው የቪኤ ሠራተኞች ክፍያ ሲቆም ብድሩን ወደሚያስተዳድረው ኩባንያ ደውለው ጣልቃ መግባታቸው ነው። ቤትን ከማዳን አንጻር ከሁሉም የበለጠ ክብደት የሚሰጠው ይህ ሦስተኛው ይመስለኛል፤ በፖለቲካ ንግግር ውስጥ ግን ብዙም አይሰማም።

ከባንኩ ደጅ የተመለሱት

ውሳኔው ለባንክ የተተወ ዋስትና ባንኩ የሚያዳላ ከሆነ ምን ይፈይዳል? በ1947 በሚሲሲፒ ከተሞች በተደረገ ቆጠራ፣ በቪኤ ዋስትና ከተሰጡ 3,229 የቤት፣ የንግድና የእርሻ ብድሮች ለጥቁር ወታደሮች የደረሱት 2 ብቻ ነበሩ። በኒውዮርክ አቅራቢያ እንደ ሌቪታውን ያሉት አዳዲስ ሰፈሮች ደግሞ ጥቁሮች እንዳይኖሩባቸው በውል የታጠሩ ነበሩ።

የታሪክ ጸሐፊዎች በክብደቱ ላይ አይስማሙም። አይራ ካትስኔልሰን በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ሕጉ አፈጻጸሙ ለአካባቢ ባለሥልጣናትና ለባንኮች ስለተተወ የዘር ልዩነቱን አስፍቶታል ይላል። ሱዛን ሜትለር በዚያው ዓመት ባወጣችው ጥናት የትምህርት ክፍሉ ጥቁሮችንም ጭምር ተጠቃሚ ዜጋ እንዳደረገ ታሳያለች። ሁለቱን አስታርቆ ማንበብ ይቻላል። መንግሥት በቀጥታ በከፈለበት በትምህርቱ ክፍል መድልዎው ላላ ያለ ነበር፤ በባንክ በኩል ባለፈበት በቤቱ ክፍል በረታ። በ2021 ለእነዚያ ወታደሮች ተወላጆች መብቱን ለመመለስ ለምክር ቤት የቀረበው ረቂቅ ሕግ አልጸደቀም። ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከአያቱ ቤት ያልወረሰ ቤተሰብ ሦስት ወር ደመወዝ ሲቋረጥበት የሚደገፍበት ጥሪት የለውም።

በግዳጅ ላይ ያለና የተሰናበተ

ሌላው መለየት ያለበት ነገር አገልግሎት ላይ ያለውን ወታደር የሚጠብቀው ሕግ ከተሰናበተው መለየቱ ነው። መነሻው የ1918 ሕግ ነው፤ በ1940 ታደሰ፣ በ2003 ደግሞ ዛሬ ባለው መልኩ ተጻፈ። ከአገልግሎት በፊት ለተወሰደ የቤት ብድር ወለዱ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤቱ እንዳይነጠቅ ይከለክላል። ከስንብት በኋላ የነበረው የ90 ቀን ከለላ በ2008 ወደ 9 ወር ረዘመ፣ ቀጥሎ ወደ አንድ ዓመት፤ አንድ ዓመቱም በ2018 ቋሚ ሆነ።

ሕጉ መኖሩ ግን መከበሩን አያሳይም። ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ ትልልቆቹ ባንኮች በግዳጅ ላይ ያሉ ሰዎችን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ሲሸጡ እንደነበር ተረጋገጠ። የፍትሕ ሚኒስቴር በየካቲት 2015 ባወጣው መግለጫ መሠረት 952 የጦሩ አባላት ከ123 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ እንዲያገኙ ተወስኗል። ካሳው የመጣው ሰዎቹ ቤታቸውን ካጡ ከዓመታት በኋላ ነው።

ከተሰናበተ ዓመት ያለፈው ሰው ከዚህ ከለላ ውጭ ነው። እንደ ማንኛውም ዜጋ የሚጠብቀው የፌዴራል ደንብ፣ ክፍያ በተቋረጠ በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት የመንጠቅ ሂደት እንዳይጀመር የሚከለክለው ነው። ከዚያ በኋላ ዕጣው በሚኖርበት ግዛት ይወሰናል። በኒውዮርክ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለሚሄድ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። በቴክሳስ ግን ከ21 ቀን ማስታወቂያ በኋላ፣ በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ቨርጂኒያም ፍርድ ቤት ከማይጠየቅባቸው ግዛቶች ናት።

ከ2020 እስከ 2025፦ በሁለት ፕሮግራሞች መካከል የተፈጠረ ክፍተት

የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ምክር ቤቱ በመጋቢት 2020 የመንግሥት ዋስትና ያለበት ብድር ያላቸው ሰዎች ክፍያ እንዲያዘገዩ ፈቀደ። ብዙዎች ያልከፈሏቸው ወራት ወደ ብድሩ መጨረሻ የሚሻገሩ መስሏቸው ነበር። በ2021 ቪኤ ይህን የሚያደርግ ጊዜያዊ ፕሮግራም ከፈተ። በሥራው ዓለም «ፓርሻል ክሌይም» ይባላል፤ ውዝፉን መንግሥት ይከፍላል፣ ወታደሩ ያንን ገንዘብ ያለ ወለድ ቤቱን ሲሸጥ ወይም ብድሩን ሲጨርስ ይመልሳል፣ የመጀመሪያው ብድርና ዝቅተኛ ወለዱ እንዳለ ይቀጥላል። ኤፍ ኤች ኤ ይህን መሣሪያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይጠቀምበታል። ቪኤ ግን በቋሚነት አልነበረውም፣ ጊዜያዊውንም በጥቅምት 2022 ዘጋው።

የተዘጋበት ጊዜ የከፋ ነበር። በ3 በመቶ አካባቢ የነበረው የገበያ ወለድ በዚያው መጸው ወደ 7 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ወታደሩ ውዝፉን ባንድ ጊዜ አምጣ ይባላል፤ ካልቻለ ብድሩን በአዲሱ ወለድ አስተካክል ይባላል። ወርሃዊ ክፍያውን መቸገሩን የተናገረ ሰው ክፍያው በብዙ መቶ ዶላር እንዲጨምር ነው የሚቀርብለት። የኤንፒአር ሬዲዮ ጋዜጠኞች ይህን በኅዳር 2023 ሲያጋልጡ፣ ቪኤ በቀናት ውስጥ አበዳሪዎች ቤት መንጠቅ እንዲያቆሙ ጠየቀ። እፎይታው እስከ 2024 መጨረሻ ተራዘመ።

መፍትሔ ሆኖ በግንቦት 2024 መጨረሻ የተጀመረው «ቫስፕ» ፍጹም የተለየ አካሄድ ነበረው። ቪኤ በውዝፍ ያለውን ብድር ከአበዳሪው ላይ ገዝቶ በ2.5 በመቶ ቋሚ ወለድ ለ30 ወይም ለ40 ዓመት አዲስ አድርጎ ይጽፈዋል። ሌላ መንገድ ሁሉ ሲሟጠጥ የሚሰጥ የመጨረሻ አማራጭ ነበር። 17 ሺህ የሚሆኑ ቤተሰቦች ገብተውበታል። ግንቦት 1 ቀን 2025 አዲስ ተመዝጋቢ መቀበል አቆመ። ፓርሻል ክሌይምን በሕግ የሚያቋቁመውን አዋጅ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፈረሙት ሐምሌ 30 ቀን 2025 ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ሦስት ወር፣ ከ2022 ቀጥሎ ሁለተኛው ክፍተት መሆኑ ነው።

የቫስፕ ተቃዋሚዎች፣ በተለይ በተወካዮች ምክር ቤት የሪፐብሊካን መሪዎች፣ ሦስት ነገር ያነሱ ነበር። ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ ቪኤ ዋስ መሆኑን ትቶ ራሱ አበዳሪ ሆኗል፤ ኪሳራው በግብር ከፋዩ ላይ ይወድቃል፤ 2.5 በመቶ ወለድ ደግሞ በሰዓቱ ለሚከፍለው ወታደር የማይገኝ ችሮታ ነው። ደጋፊዎቹ፣ ማርክ ታካኖን የመሳሰሉ ዴሞክራቶች፣ ቪኤ ብድር የመግዛት ሥልጣን በሕግ ከጥንት ጀምሮ እንዳለው፣ ቤት ሲነጠቅ የሚከፈለው ዋስትናም ከዚያው ኪስ እንደሚወጣ ይመልሱ ነበር። በሦስተኛው ነጥብ ላይ ተቃዋሚዎቹ ጠንካራ ነበሩ። ምትኩን ሳያዘጋጁ ቫስፕን መዝጋትን ግን የሚያጸድቅ ክርክር አላየሁም። በ2025ቱ ሕግ ላይ ዋና ሚና የነበራቸው የሪፐብሊካን ተወካዩ ዴሪክ ቫን ኦርደንም ሆኑ የሞርጌጅ ባንኮች ማኅበር ፓርሻል ክሌይምን የሚደግፉት ርካሽ ስለሆነና ብድሩን በብድር ሰነዶች ገበያው ዘንድ እንደነበረ ስለሚተወው ነው።

«ችሮታ ያሰንፋል» የሚለው ክርክር በማስረጃ ሲመዘን

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ እርዳታ አለ ሲባል መክፈል የሚችለውም መክፈል ያቆማል ወይ? ለዚህ የሚጠቀሰው ማስረጃ በ2014 የታተመ ጥናት ነው። ከንትሪዋይድ የተባለው አበዳሪ በፍርድ ስምምነት ላልከፈሉ ተበዳሪዎቹ ቅናሽ እንደሚያደርግ ሲታወጅ፣ የውዝፉ መጠን ከሌሎች አበዳሪዎች ጋር ሲነጻጸር ወዲያውኑ በ10 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ስለዚህ ስጋቱ ተረት አይደለም።

በሌላ ወገን ፒተር ጋኖንግና ፓስካል ኖኤል በባንክ ሒሳብ መረጃ ላይ ተመሥርተው በ2023 ያሳተሙት አለ። የቤታቸው ዋጋ ከዕዳቸው በታች ወርዶ መክፈል ካቆሙ ተበዳሪዎች መካከል፣ በስሌት ብቻ ያቆሙት 6 በመቶ ገደማ ናቸው፤ 70 በመቶው ሥራ ማጣትን፣ ሕመምንና ፍቺን በመሰለ ችግር ብቻ፣ የቀሩት በሁለቱ ድምር ነው። ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ ቢመስሉም የመለሱት የተለያየ ጥያቄ ነው። አንደኛው በይፋ የታወጀ፣ ሁሉም የሚያውቀው ቅናሽ ምን ያህል ሰው እንደሚስብ ይለካል። ሌላኛው ሰው በመጀመሪያ ለምን እንደሚወድቅ ይነግረናል። ለፖሊሲ አውጪው ትርጉሙ እርዳታውን መከልከል ሳይሆን የችግሩን ማስረጃ መጠየቅ ይመስላል።

እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች በ2020 ያሳዩት ሌላ ነገር ደግሞ ለዳሰሳችን ይበልጥ ይጠቅማል። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ ዋናውን ዕዳ መቀነስ፣ ወርሃዊ ክፍያው እስካልወረደ ድረስ፣ ሰውን ከመውደቅ አላዳነም። የብድሩን ዘመን አርዝሞ ወርሃዊ ክፍያውን ማውረድ ግን አዳነ። ሰው የሚያስበው በዚህ ወር ምን ያህል እጠየቃለሁ ብሎ ነው።

ዙሪያ ገባው

ሞርጌጅ ብቻውን አይደለም ቤት የሚያስነጥቀው። የቤት ግብር፣ ኢንሹራንስና የኮንዶሚኒየም ማኅበር መዋጮ ሲጨምር ክፍያው አብሮ ያብጣል። ግዛቶች እዚህ ላይ ሠርተዋል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ቴክሳስ ከአገልግሎት ጋር በተያያዘ 100 በመቶ ቋሚ የአካል ጉዳተኛ የተባለን ሰው ከመኖሪያ ቤት ግብር ነጻ ያደርጋሉ፤ በሞት ሲለይም መብቱ ለባለቤቱ ሊተላለፍ ይችላል። ግን ማመልከት ይጠይቃል፣ ስለዚህ ያልሰማ ይከፍላል። በ2019 የወጣ የፌዴራል ሕግ ደግሞ የአካል ጉዳት ካሳን ከኪሳራ ጥያቄ የገቢ ስሌት አወጣው።

በጎ አድራጊ ድርጅቶች ድንገተኛ የቤት ክፍያ ይሸፍናሉ፤ ለከባድ ጉዳተኞችና ለሟች ቤተሰቦች ሞርጌጅ እስከ መዝጋት የሚሄዱም አሉ። ይህ እጅግ የከበረ ሥራ ቢሆንም የብድር ገበያን የሚያክል ችግር አይሸፍንም፤ በወታደሮች ስም እየለመኑ ገንዘብ የሚሰበስቡ አስመሳዮችም ስለበዙ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2018 ከግዛቶች ጋር ዘመቻ ከፍቶባቸው ነበር። ከእነዚህ የከፉት ደግሞ «ቤትህን እናድንልሃለን» የሚሉ ኩባንያዎች ናቸው። በ2010 የወጣ የፌዴራል ደንብ ተበዳሪው የተጻፈ ስምምነት ከአበዳሪው ሳያገኝ አስቀድሞ ክፍያ መቀበልን ይከለክላል። ቅድሚያ ገንዘብ የጠየቀ ወይም የቤቱን ባለቤትነት አዙርልኝ ያለ ሰው ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ለቤት አልባ የቀድሞ ወታደሮች የሚደረገው ጥረትም ከዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም። በመንግሥት የኪራይ ድጎማና በቅርብ ክትትል፣ በአንድ ሌሊት የሚቆጠሩት ቤት አልባ ወታደሮች በ2010 ከነበሩበት 74 ሺህ አካባቢ በ2024 ወደ 32,882 ወርደዋል። በአሜሪካ የማኅበራዊ ፖሊሲ ታሪክ ከታዩት ጥቂት ጉልህ ስኬቶች አንዱ ነው። ግን በዋናነት ለተከራይ የተሠራ ነው፤ ባለቤቱን ሐራጅ ሳይደርስበት የሚደርስለት አይደለም።

እስካሁን ያልተቋጩ ነጥቦች

አንደኛው የማንኛውም የቪኤ መድኃኒት ወሰን ነው። ብዙ የቀድሞ ወታደሮች ቤታቸውን የገዙት በተራ የባንክ ብድር ወይም በኤፍ ኤች ኤ ነው። ለእነሱ ቪኤ መምከር ይችላል፣ ውሉ ላይ ግን እጁ አይደርስም። ጥበቃው የሰውየውን አገልግሎት ይከተል ወይስ የብድሩን ዓይነት? ይህ ጥያቄ እስካሁን አልተቋጨም።

ሁለተኛው ቤትን ማቆየት ሁልጊዜ ትክክለኛው ግብ ነው ወይ የሚለው ነው። ከ2020 ወዲህ የቤት ዋጋ በእጅጉ ስለወጣ፣ የወደቀ ሰው በሐራጅ ከሚያጣው ራሱ ገበያ ላይ አውጥቶ ቢሸጠው ጥሪቱን ይዞ ይወጣል የሚሉ አሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን በ3 በመቶ ወለድ የተያዘ ቤት ከተሸጠ በኋላ በዚያው ሰፈር ኪራዩ ከሞርጌጁ ሊበልጥ ይችላል፤ አካል ጉዳተኛው ከሐኪሙ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው የሚርቁበት ዋጋም በዚያ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የ2025ቱ ሕግ የመረጠው መሣሪያ ጊዜያዊ ችግር ለገጠመው ሰው የተመቸ ነው፤ ስድስት ወር ሥራ አጥቶ ለተመለሰው ውዝፉ ይሻገርለታል፣ የድሮ ክፍያውን ይቀጥላል። ገቢው ለዘለቄታው የወረደበት፣ በሕመም ከሥራ የወጣው ወይም ሁለተኛ ደመወዝ የነበረውን ባለቤቱን ያጣው ግን የሚያስፈልገው የወር ክፍያው ራሱ እንዲወርድለት ነው። ያንን ያደርግ የነበረው ቫስፕ ነበር። እሱ ከተዘጋ በኋላ ለእንዲህ ያለው ሰው የቀረው በገበያ ወለድ የሚደረግ የውል ማሻሻያ፣ ቤቱን መሸጥ ወይም ቁልፉን ለአበዳሪው ማስረከብ ነው።